ጃርቲቱና ያልተቀመሰው ጠጅ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ እንቅልፍ የመጣበት ወደ ግድግዳው ዞር ይበል፤ መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ደግሞ ራሱ ይጨርሰው። አላችሁ? «አለን» በሉ እንጂ!

በድሮ ዘመን፣ ጅብ አፉን ሳይጠርግ ገበያ በማይወጣበት፣ አህያም «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ በሚጠየቅበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ነበረች። ጃርቲቱ ሦስት ነገር ነበራት። ጥሩ እጅ ነበራት፤ ጠጅ ስትጥል አገር ይጣፍጠዋል። ጥሩ ጠጅ ቤት ነበራት፤ ከወንዙ ዳር፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ። ሦስተኛ፣ እሾህ ነበራት። እሾኋን እግዜር የሰጣት ለጠላት ነበር፤ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታቆመው በሠራተኞቿ ላይ ነበር።

ይህ ጠጅ ቤት ለጃርቲቱ እንዲሁ ቤት ብቻ አልነበረም። እናቷ ድንች ቆፋሪ ነበረች፤ እንደ ጃርት ሁሉ የሰው ድንች። የሰው ድንች መቆፈር ማለት ደግሞ ውሻ ማለት ነው፣ ወጥመድ ማለት ነው፣ ጦር ማለት ነው። አንድ ቀን እናቷ ወጥታ አልተመለሰችም። ስለዚህ ጃርቲቱ ጋኖቿን በተመለከተች ቁጥር «እነዚህ እስካሉ ድረስ ውሻ አያባርረኝም» ትል ነበር። ቤቱ ከተዘጋ የሚጠብቃት ድንቹ መሆኑን አንድም ቀን አልረሳችም።

ሠራተኞቿም ሦስት ነበሩ። አህያው ውሃና እንጨት ያመጣል። ድመቷ ጓዳውን ከአይጥ ትጠብቃለች። በጊቱ ደግሞ አሳላፊ ናት፤ ጠጁን በብርሌ እየቀዳች ለእንግዳ ታቀርባለች። እንግዶቹ የዱር አራዊት ናቸው። «በጊቱ እንዴት አልተበላችም?» እንዳትሉኝ፤ በደጃፉ ላይ አንድ ሕግ ነበር። ጥርሱን እዚህ የማያጥፍ እዚህ አይገባም።

በጊቱ ጠጅ የምታቀርበው እንደ አገሩ ወግ ነበር። ከብርሌው ትንሽ በመዳፏ ጠብ ታደርጋለች፣ ላስ ታደርጋታለች፣ ከዚያ «ይጠጡ» ብላ ጎንበስ ትላለች። በግ መዳፍ የላትም የምትለኝ አንተ፣ ዝም በል፤ ተረት ውስጥ አላት። ይህ ወግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? «መርዝ ካለበት ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ እንግዳ ማክበር ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አንድ ቀን ጃርቲቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ያቺን ጠብታ አየቻት። ጠብ፣ ላስ። ጠብ፣ ላስ። ጠብ፣ ላስ።

«ለካስ ጠጄን የምትጨርሰው ይህቺ በግ ናት!» አለች በልቧ። «ጠብታ ሲጠራቀም ብርሌ ይሆናል፤ ብርሌ ሲጠራቀም ጋን ይሆናል፤ ጋን ሲጠራቀም እኔ ባዶዬን እቀራለሁ!»

ብድግ ብላ አወጀች። «ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ጠጅ የሚቀምስ እንግዳ ብቻ ነው!»

«ወጉስ፣ እመቤቴ?» አለች በጊቱ።

የጃርቲቱ እሾህ ቆመ።

«እሺ እመቤቴ» አለች በጊቱ። «እሺ እመቤቴ» አለ አህያው፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እሺ እመቤቴ» አለች ድመቷ ከጓዳ፣ ነገሩን እንኳ ሳትሰማ። በዚያ ቤት ከጠጅ ይልቅ የሚቀዳው «እሺ እመቤቴ» ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ድኩላ መጣ። ጋሽ ድኩላ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ነው። በጊቱ ቀድታ ብርሌውን አቀረበችለት። ጋሽ ድኩላ ብርሌውን አየ፣ በጊቱን አየ፣ ጠበቀ። በጊቱም ቆማ ጠበቀች። የሚቀምስ ጠፋ።

«ዛሬ እንኳ ሆዴን ትንሽ ነካ አድርጎኛል» አለና ብርሌውን አስቀምጦ ወጣ። አገሩ የጨዋ አገር ነበር፤ ጨዋ ደግሞ አይናገርም፣ ዝም ብሎ ይቀራል እንጂ።

ደግሞስ ጠጅ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ የሚያየው ካጣ ይኮመጥጣል። ድሮ በጊቱ በቀመሰች ቁጥር «ይህቺ ጋን ደርሳለች»፣ «ያቺ ጋን ልትኮመጥጥ ነው» ትል ነበር። አሁን ማን ይበል? ጃርቲቱማ ቆጣቢ ናት፤ የራሷን ጠጅ ትጠጣለች እንዴ? የምትጠጣው ውሃ ነው። ጠጁ በሰላም ኮመጠጠ።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ ከርከሮ ጠጅ ቤት ከፈተ። ጠጁ ቀጭን ነው፣ ቤቱ ጭቃ ነው፣ ባለቤቱም እንደምታውቁት የሚታይ መልክ የለውም። ግን ቀምሶ ያቀርባል። እንዲያውም በመዳፍ አይበቃውም፣ በዋንጫ ነው የሚቀምሰው። ጋሽ ድኩላ ተሻገረ፤ ሚዳቋ ተሻገረች፤ ጅግራዎቹ ከነልጆቻቸው ተሻገሩ።

በጃርቲቱ ቤት ዘወትር የሚመጣ አንድ ደንበኛ ብቻ ቀረ፤ አያ ጅቦ። አያ ጅቦ የኮመጠጠና ያልኮመጠጠ አይለይም፤ ለእሱ በብርሌ የመጣ ሁሉ ጠጅ ነው። የቀሩት አልፎ አልፎ፣ መንገድ ሲያደክማቸው ብቻ ብቅ ይላሉ።

ጃርቲቱ በባዶው ቤት ተቀምጣ አሰበች። «ጠጁ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ነው። ቤቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ነው። የእኔ ያልሆኑት ሠራተኞቹ ናቸው። አሃ! ጥፋቱ የእነሱ ነው!» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ይህን ካረጋገጠች በኋላ ወደ ጦጢት ሄደች።

ጦጢት ደጃፉ ላይ ካለው ሾላ ዛፍ ላይ ነው የምትኖረው። የምትታወቀውም በምክሯ ነው። ጠጅ ቤት ኖሯት አያውቅም። ሠራተኛ ቀጥራ አታውቅም። ለማንም አንድ ብርሌ ቀድታ አታውቅም። ስለዚህ ስትመክር የሚያሰናክላት ነገር የለም።

«ጦጢት እህቴ፣ እንግዳው ሁሉ ወንዝ ተሻገረብኝ። ቤቴ ሊዘጋ ነው» አለች ጃርቲቱ ወደ ላይ አንጋጣ።

ጦጢት ጭንቅላቷን አከከች፣ ሰማዩን አየች፣ ሾላ ጎረሰች። «ሠራተኞችሽ ይስቃሉ?»

«ምን የሚያስቅ ነገር አለ?»

«ይኸውልሽ በሽታው! ፊት የተኮሳተረበት ቤት ማን ይገባል? ማሩን ወዲህ በዪ፣ ነገሩን ለእኔ ተዪ። አንድ ምክር አንድ ቅል ማር ነው።»

ጃርቲቱ ከጓዳዋ አንድ ቅል ማር ሰጠቻት። ጦጢትም «እንዲስቁ እዘዣቸው» አለቻትና ቅሉን ይዛ ወጣች።

ጃርቲቱ ሦስቱንም አሰለፈቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ሲገባ ሳቁ!»

«ምን ተገኝቶ እመቤቴ?» አለ አህያው።

እሾኋ ቆመ።

«እሺ እመቤቴ!»

እንግዳ ገባ። በጊቱ ሳቀች፤ ጥርሷን ያመማት ትመስል ነበር። ድመቷ ሳቀች፤ የሳቀችው ወደ ጅግራዎቹ ዞራ ስለነበር፣ ጅግራዎቹ ልጆቻቸውን ሰብስበው ውልቅ አሉ። ድመት ስትስቅልህ የምትቀመጥ ጅግራ ብትሆን አንተስ ትቀመጣለህ? ከዚያ የአህያው ተራ ደረሰ። አህያ ግማሽ ነገር አያውቅም። ከንፈሩን ገልብጦ፣ አንገቱን ወደ ጣራው አቅንቶ፣ ከደረቱ ሳቀ። ብርሌ ወደቀ፣ በርጩማ ተገለበጠ፣ «እሳት ነው! አንበሳ ነው!» ተባለ። ጋሽ ድኩላ ናፍቆት መልሶት ገና መቀመጡ ነበር፤ በሩን ረስቶ በአጥሩ ዘሎ ወጣ።

ጃርቲቱ ወደ ሾላው ሮጠች። «ሳቁ፤ እንግዳው ሸሸ!»

«አየሽ፣ ሳቃቸው ከልብ አይደለም» አለች ጦጢት፣ ማሩን ከጣቷ እየላሰች። «ልባቸው አልተነሳሳም። ልብ ማነሳሳት ሁለተኛ ምክር ነው፤ ሁለተኛ ምክር ሁለተኛ ቅል ነው። ማሩን ወዲህ በዪ፣ ነገሩን ለእኔ ተዪ።»

ሁለተኛው ቅል ሄደ፤ ሁለተኛው ምክር መጣ። ምክሩም «ከሦስቱ በትጋት ለበለጠው አንገቱ ላይ ቃጭል እሰሪለት፤ የቀሩት ቀንተው ይተጋሉ» የሚል ነበር።

እውነትም ቀኑ። አህያውና በጊቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አብረው የሚበሉ፣ ሲደክማቸው የሚተጋገዙ ነበሩ። አሁን አህያው ማንም ያልጠየቀውን ውሃ እያመላለሰ ግቢውን ረግረግ አደረገው። በጊቱ እንግዳው ሳይጎነጭ ትቀዳ ጀመር፤ ጠጁ እየፈሰሰ የእንግዳው ጭን ላይ ይወርዳል። አህያው የበጊቱን ማንቆርቆሪያ ደበቀ። በጊቱ የአህያውን የጭነት ገመድ ደበቀች። ድመቷ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ትልስ ነበር።

ጃርቲቱ መጥታ ተመለከተች። ግቢው ጭቃ፤ የአህያው ጥፋት። ወለሉ ጠጅ በጠጅ፤ የበጊቱ ጥፋት። ድመቷ ግን ምንም አላጠፋችም፤ ንጹሕም ናት።

«እንዲህ ነው ሠራተኛ!» ብላ ቃጭሉን ድመቷ አንገት ላይ አሰረችው።

ልጆች፣ ቃጭል ያሰረች ድመት አይጥ ትይዛለች? ድመቷ አንድ እግሯን ስታነሳ ቃጭሉ ይናገራል፤ አይጦቹም «ምስጉኗ ሠራተኛ መጣች» እየተባባሉ በሰላም ይገባሉ። ጌሾውን በሉ። የማሩን ጋን መክደኛ ቀደው ማሩ ላይ ደረሱ። ጃርቲቱ ጓዳ ገብታ ስታየው ከማሯ የቀረው አንድ ቅል የማይሞላ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይደል የሚባለው? እሷ ግን ለዚያች ቅል እንኳ አልሳሳችም፤ እንደ ሰመጠ ሰው የያዘችውን ሣር አልለቅም አለችና ወደ ሾላው ተመለሰች።

«ጦጢት፣ ድንች ቁፋሮ ልገባ ነው» አለች።

ጦጢት ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ዝቅ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። «ይህኛው ምክር ከቤተ መንግሥት የመጣ ነው። ደንበኛ ንጉሥ ነው! በይ፣ ማሩን ወዲህ በዪ፣ ነገሩን ለእኔ ተዪ።»

«ይህ የመጨረሻዬ ነው። በሥራው ላይ ቆመሽ ካየሽ በኋላ ነው የምሰጥሽ» አለች ጃርቲቱ።

«ይሁና» አለች ጦጢት።

አህያው በየመንገዱ እየዞረ አወጀ። «ጃርት ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ ንጉሥ ነው!» አሁንስ ሰው መጣ። መንገሥ የማይፈልግ ማን አለ? ባላምባራስ ዝንጀሮ መጣ፣ ጋሽ ድኩላ መጣ፣ አያ ጅቦም እንደወትሮው መጣ። ባላምባራስ ዝንጀሮ «ሳክክ ሁሉም ይቁም» አለ፤ እሱ ደግሞ ሲያክክ ነው የሚውለው። ጋሽ ድኩላ «ከእኔ በላይ ማንም አይቀመጥ» አለ። ባላምባራስ ቆጡ ላይ ወጣ። ጋሽ ድኩላ በቀንዱ ቆጡን ገለበጠው። ሁለቱ ነገሥታት እየተገፋፉ በበሩ ወጡ፤ ጦርነቱን ሜዳ ላይ ቀጠሉት። ጠጁን የነካው የለም።

አያ ጅቦ ብቻ ቀረ። ብርሌውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና አፉን ጠረገ።

«እኔ ንጉሥ ነኝ?» አለ።

«ነዎት» አለች ጃርቲቱ።

«ንጉሥ ያዘዘው ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«እንግዲያው በጊቱ ትታረድልኝ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይህኛው በሚያውቁት አገር ቁርበቱን ከነባለቤቷ ጠየቀ።

አህያው ወለሉን አየ። የድመቷ ቃጭል እንኳ ዝም አለ። ጃርቲቱ ቀና ብላ ወደ ጣራው አየች፤ ጦጢት ምክሯን ልታይ ጣራው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

«ንጉሥ እምቢ አይባልም» አለች ጦጢት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደንበኛ ነው እኮ! በግ ገበያ ሞልቷል፤ ደንበኛ ግን የቀረሽ ይኸው አንዱ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጃርቲቱ አሰበችበት። ክፉ ስለሆነች አይደለም፣ ስለፈራች ነው። ድንቹ ታያት፣ ውሻው ታያት፣ ወጥታ ያልተመለሰችው እናቷ ታየቻት። አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር እሷም አታውቀውም።

ከእሷ በፊት ግን በጊቱ ተናገረች። ማንም ሳያዛት፣ አንገቷን ደፍታ፣ ብርሌውን ቀስ ብላ መሬት አስቀምጣ፣ «እሺ እመቤቴ» አለች።

ይህቺ ቃል ጃርቲቱን ወጋቻት። እድሜዋን ሙሉ ስትወጋ የኖረች ጃርት፣ ተወግታ አታውቅም ነበር። «ይህን ያህል ነው እንዴ የምትፈራኝ?» አለች በልቧ። «ለመሞትም እሺ ትለኛለች?» አፈረች፤ ከእግሯ እስከ ጆሮዋ አፈረች።

እሾኋ ቆመ። በጊቱ፣ አህያውና ድመቷ እንደለመዱት ሽምቅቅ አሉ። ዛሬ ግን ጃርቲቱ የዞረችው ወደ አያ ጅቦ ነበር።

«በደጃፌ ላይ ጥርስ ይታጠፋል!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጀርባዋ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አያ ጅቦ ንግሥናውን ትቶ፣ እሾኹን በአፍንጫው ይዞ፣ እየጮኸ ወንዙን ተሻገረ።

አሁን ቤቱ ባዶ ሆነ። የመጨረሻው ደንበኛም ሄደ።

ጦጢት ከጣራው ዱብ አለች። «ምክሩ ጥሩ ነበር፤ አፈጻጸሙ ነው የተበላሸው። በይ ቅሌን።»

ጃርቲቱ አልተከራከረችም። ቃል ቃል ነውና አህያውን «አምጣላት» አለችው። በጊቱ ደግሞ ገና እየተንቀጠቀጠች ቢሆንም ወጓን አልረሳችም፤ እንግዳ አፉን ሳያረጥብ አይወጣም። አንድ ብርሌ ቀድታ ለጦጢት አቀረበች።

ጦጢት ብርሌውን ተቀበለች፣ ወደ አፏ አስጠጋች፣ አቆመች።

«ቅመሺልኝ እንጂ!» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ምን ታዩኛላችሁ? ሳይቀመስ ይጠጣል እንዴ? እናንተ ራሳችሁ ያልቀመሳችሁትን እኔ ምን አውቄ እጠጣለሁ!»

«እመቤታችን ከልክለዋል» አለች በጊቱ።

ጦጢት ብርሌውን እንደ እባብ ወዲያ አደረገችው። ጃርቲቱ ብርሌውን አየችው። የጋሽ ድኩላ ሆድ ትዝ አላት። ሚዳቋ ትዝ አለቻት። ወንዝ የተሻገረው ሁሉ፣ ከመሻገሩ በፊት በጊቱን እያየ የጠበቀው ትዝ አላት። ቀስ ብላ ብርሌውን አነሳች፣ በገዛ መዳፏ ጠብ አደረገች፣ ላስ አደረገች።

ፊቷ እንዴት እንደተጨማደደ አልነግራችሁም፤ የኮመጠጠ ሎሚ የነከሰ ሕፃን አይታችኋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች።

«እኛ ምን እናውቃለን እመቤቴ» አለ አህያው ከጓዳ ሆኖ። «አልቀመስነውም።»

«እኔ እኮ ‹ወጉስ› ብዬ ነበር» አለች በጊቱ፣ በጣም ቀስ ብላ።

የጃርቲቱ እሾህ ሊቆም ቃጣው። በእጇ ተጭና አስተኛችው። ከዚያ ወደ ጦጢት ዞረች።

«አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እህቴ፣ ማንም የሚያውቀውን ነገር በማር የሚገዛኝ ማን ነው?»

ይህን ስትል አህያው ማሩን ይዞ መጣ። ጃርቲቱ ቅሏን አየች፤ የኮመጠጠውን ጠጅ አየች፤ ባዶውን ጓዳ አሰበች። ያለ ማር ጠጅ የለም፤ ያለ ጠጅ ቤት የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣላት። ጦጢት ብዙ ምክር ሰጥታታለች፤ አንዱ እንኳ ሳይሠራ አይቀርም።

«ጦጢት፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«ዛሬ በቤቴ ከአንቺ በቀር እንግዳ የለም። ንጉሥ ነሽ፣ ወይስ አይደለሽም?»

ጦጢት ወደ በሩ አየች። አህያው ቅሉን አስቀምጦ ቂጡን ወደ ቤቱ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። የኋላ እግሩንም ነቅነቅ ያደርጋል።

«ንጉሥ ካልሆንሽ» አለች ጃርቲቱ፣ «ምክርሽ ውሸት ነበር፤ ማሬን መልሺ። ንጉሥ ከሆንሽ ደግሞ ንጉሥ ግብር ያበላል። እኛ ሕዝብሽ ነን፤ ርቦናል፤ ማሩን አውጪና ግብር አብዪን።»

ጦጢት ወደ ግራ አሰበች፣ ወደ ቀኝ አሰበች። ከሁለቱም በኩል ማሩ ይሄዳል። ነገር ግን በአንደኛው በኩል ዙፋን አለ፤ ዙፋን አይታ የምታልፍ ጦጣ ደግሞ ገና አልተወለደችም።

«ንጉሥ ነኝ!» አለች ደረቷን ነፍታ።

ጋን የሚቀመጥበትን የሣር ቀለበት አምጥተው ጫኑላት። አክሊሉ ሰፍቷት አንገቷ ላይ ወረደ። ሦስቱም ሠራተኞች እጅ ነሡ። ድመቷ ሾላው ላይ ወጥታ ሁለተኛውን ቅል አወረደች፤ ሦስተኛው አህያው ባስቀመጠበት በሩ ሥር ነበር፤ የመጀመሪያው በንጉሡ ሆድ ውስጥ ስለነበር ታለፈ።

ጃርቲቱ የኮመጠጠውን ጠጅ ደፋች። ጋኖቹን አጠበች፣ በወይራ ጭስ አጠነች፣ በተመለሰው ማር አዲስ ጠጅ ጣለች። ቃጭሉን ከድመቷ አንገት ፈትታ በሩ ላይ ሰቀለችው፤ እንግዳ ሲገባ እሱ ይናገራል። አይጦቹ ስለዚህ ውሳኔ ሳይጠየቁ ቀሩ። አህያው ማንቆርቆሪያውን ከደበቀበት አወጣ፤ በጊቱም ገመዱን መለሰችለት፤ ሁለቱም ስለ ነገሩ ምንም አልተነጋገሩም።

ጠጁ በደረሰ ቀን ጃርቲቱ ራሷ ቀዳች። ብርሌውን ለበጊቱ አልሰጠቻትም፤ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አደረገችላት።

«ቅመሺልኝ» አለች። ትእዛዝ አይመስልም ነበር።

በጊቱ ላስ አደረገች። ጆሮዋ ቀና አለ፣ ዓይኗ በራ፣ ከንፈሯ ማንም ሳያዘው ወደ ላይ ሄደ። ጋሽ ድኩላ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ይመለከት ነበር። ያቺን ፊት ሲያይ፣ ሆዱን ነክቶት የነበረው ነገር ወዲያው ለቀቀው። በበሩ ገባ፤ ቃጭሉም ጮኸ። በጊቱ በመዳፏ ጠብ አደረገች፣ ላስ አደረገች፣ «ይጠጡ ጋሼ» ብላ ጎንበስ አለች። ጠጣ። ሁለተኛም አዘዘ።

«ጃርቲቱ ተለወጠች?» ትሉኛላችሁ። ጃርት ናት እንጂ! እሾኋ አሁንም ይቆማል። ነገር ግን ሠራተኞቿ ክፉ ወሬ ሲኖራቸው አህያውን ከፊት ያስቀድማሉ፤ ቆዳው ወፍራም ነው። ከእሱ ኋላ ሆነው ይናገራሉ፤ እሷም እሾኋን አቁማም ቢሆን ትሰማለች። «እሺ እመቤቴ» እንኳ ቀንሷል። አሁን የሚበዛው «ኧረ እመቤቴ» ነው።

ጦጢትስ? ንግሥናዋ ግብሩ እስኪያልቅ ነበር። ማሯ ሲያልቅ አክሊሏን አውልቃ ወንዙን ተሻገረችና ከርከሮ ዘንድ ሄደች። ከርከሮ ቤቱ ሞልቶ፣ በዋንጫ እየቀመሰ፣ ደስ ብሎት ነበር። ምንም አልቸገረውም። ስለዚህ ምክር አስፈለገው።

«አንተ ሞኝ!» አለችው። «ጠጅህን በቅምሻ ትጨርሰዋለህ? ጠብታ ሲጠራቀም ብርሌ ይሆናል፤ ብርሌ ሲጠራቀም ጋን ይሆናል። ማሩን ወዲህ በል፣ ነገሩን ለእኔ ተው!»

ከርከሮ ከፈለ። ቅምሻውን ከለከለ። ወዲያውኑ እንግዳው ሁሉ ሆዱን ትንሽ ነካ አደረገውና ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጃርቲቱ ተመለሰ። ከርከሮም ነገሩ ሲገባው ጦጢትን አባረራት፤ እሷ ዛፍ ላይ ወጣች። ይኸው እስከ ዛሬ ጦጣ ከዛፍ መውረድ ትፈራለች፤ ከርከሮም የዛፍ ሥር ሲቆፍር የሚውለው ያንን ማር ሊያስመልስ ነው።

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። የቤቱ ሰው ያልቀመሰውንም እንግዳ አይውጠውም። ምክር ስትገዙ ደግሞ፣ ልጆች፣ መካሪዋ ራሷ ትጠጣው እንደሆነ መጀመሪያ ብርሌውን ስጧት።

እኔ ተረቴን ቀድቼ ጨረስኩ። አፌን በዳቦ ልታብሱልኝ ከሆነ እሰየው፤ ግን እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ዳቦውን ቀድማችሁ ቅመሱልኝ።